ጎነ ሦስት ከጎነ ሦስት ሲገጥም፦ ተገጣጣሚነትና ምስስልነት በጂኦሜትሪ

ከኩሬ ማዶ ያለ ድንጋይ ከዚህ ዳር ካለ ዋርካ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ማወቅ የፈለገ ሰው ሜትሩን ውኃ ላይ መዘርጋት አይችልም። ሌላ መንገድ ግን አለው። ሁለቱም በሚታዩበት ደረቅ ሜዳ ላይ ችካል ይተክላል። ከዋርካው እስከ ችካሉ ይለካል፤ 40 ሜትር ሆነ እንበል። መስመሩን ሳያጣምም ከችካሉ ወዲያ ሌላ 40 ሜትር ይቀጥልና ምልክት ያደርጋል። ኩሬውን ዞሮ ከድንጋዩ እስከ ችካሉም ይለካል፤ 30 ሜትር። ይህንንም በዚያው አቅጣጫ ሌላ 30 ሜትር ያስረዝመዋል። አሁን የቀረው በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን መሬት መለካት ነው። 54 ሜትር ከመጣ፣ ከዋርካው እስከ ድንጋዩ ያለውም 54 ሜትር ነው። ጫማው እንኳ አልራሰም።

ይህን አፉን ሞልቶ እንዲናገር መብት የሰጠው ምንድን ነው? ችካሉ ላይ ሁለት ጎነ ሦስቶች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተዋል፤ አንዱ ውኃው ላይ የተዘረጋ፣ ሌላው ሜዳው ላይ። ሁለት ጎናቸው እኩል ነው፤ ራሱ እንዲህ አድርጎ ለክቶታልና። በሁለቱ ጎኖች መካከል ያሉት ማዕዘኖችም እኩል ናቸው፤ ሁለት ቀጥታ መስመሮች ሲቋረጡ ፊት ለፊት የሚፈጠሩ ማዕዘኖች ሁልጊዜ እኩል ናቸውና። ከዚህ በኋላ ሦስተኛው ጎን ምርጫ የለውም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው «ምርጫ የለውም» የሚለው ነገር ነው፦ ስለ አንድ ጎነ ሦስት ምን ያህል ብናውቅ የቀረው በግድ ይታወቃል?

ስሞቹ

ሁለት ጎነ ሦስቶች ተገጣጣሚ ናቸው የሚባለው አንዱን ከወረቀቱ ቆርጠን፣ አዙረን ወይም ገልብጠን ሌላው ላይ ብናስቀምጠው ሳይተርፍና ሳይጎድል የሚገጥም ከሆነ ነው። ያኔ 6ቱም ክፍሎቻቸው፣ 3ቱ ጎኖችና 3ቱ ማዕዘኖች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው እኩል ይሆናሉ። ምስስል የሚባሉት ደግሞ ቅርጻቸው አንድ፣ መጠናቸው ግን ሊለያይ የሚችል ናቸው፦ ማዕዘኖቻቸው እኩል፣ ጎኖቻቸው በአንድ ቁጥር የተባዙ። በተራ ንግግር «ተመሳሳይ» የምንለው ቃል ልል ነው፤ ወንድማማቾችም ተመሳሳይ ይባላሉ። «ምስስል» የሚለው ቃል የተፈለገው ለዚህ ነው፤ በጂኦሜትሪ ሁለት ጎነ ሦስቶች ምስስል ናቸው ወይም አይደሉም፣ «በመጠኑ ይመሳሰላሉ» የሚባል ነገር የለም። ተገጣጣሚነት ማባዣው ቁጥር 1 የሆነበት ምስስልነት ነው።

በአማርኛ የሒሳብ ትምህርት ማዕዘንን «ዘዌ» ማለትም የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ለሁሉም የሚቀርበውን «ማዕዘን» እጠቀማለሁ፤ ስለዚህ ጎን-ማዕዘን-ጎን ሲያጥር «ጎማጎ» ይሆናል። «ጎዘጎ» ብሎ የተማረ ሰው አንድ ነገር እየተባለ መሆኑን ይወቅልኝ። በኋላ የመማሪያው ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ይኸው «ኤስ ኤ ኤስ» ይሆንና ብዙ ተማሪ አዲስ ትምህርት የመጣ ይመስለዋል።

ሲጻፍ የፊደላቱ ቅደም ተከተል ጌጥ አይደለም። △ሀለመ ≅ △ረሰቀ ብሎ የጻፈ ሰው («≅» ተገጣጣሚ ነው ማለት ነው) ሀ ከረ፣ ለ ከሰ፣ መ ከቀ ጋር እንደሚገጥም ተናግሯል። ስለዚህ ሥዕሉን ሳያይ እንኳ ለመ = ሰቀ ብሎ ማንበብ ይቻላል። ፊደላቱን እንደመጣላቸው መደርደር በፈተና ወረቀት ላይ ከሁሉ የበዛው ስህተት ይመስለኛል፤ ሐሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ማረጋገጫው ውሸት ይናገራል።

በስንጥር የሚታየው

መመዘኛዎቹን እንደ ስም ዝርዝር ከመሸምደድ የሚሻለው አንድ ጥያቄ ይዞ መነሳት ነው፦ ይህ ብቻ ቢሰጠኝ ስንት ዓይነት ጎነ ሦስት መሥራት እችላለሁ? መልሱ «አንድ ብቻ» ከሆነ መመዘኛ ተገኝቷል።

ሦስት ስንጥር ውሰድ፤ 3፣ 4 እና 5 ሴንቲ ሜትር። ጫፍ ለጫፍ አገናኛቸው። የቱንም ያህል ብትሞክር ሌላ ቅርጽ አይወጣም፤ ቢበዛ ግልባጩን ታገኛለህ። ይህ ጎን-ጎን-ጎን፣ ሲያጥር ጎጎጎ ነው። አሁን አራት ስንጥር አገናኝ፤ በጣት ሲገፋ ይንሻፈፋል፣ ካሬ የነበረው ይጣመማል። አናጺ የእንጨት በር ሲሠራ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ እንጨት የሚመታበት፣ የቆርቆሮ ቤት ጣሪያም በጎነ ሦስት የሚዋቀርበት ምክንያት ይኸው ነው። ሚስማሩ ልል ቢሆን እንኳ ጎኖቹ እስካልተሰበሩ ድረስ ማዕዘኖቹ አይነቃነቁም። ስንጥሮቹ መጀመሪያ ነገር ጎነ ሦስት እንዲሆኑ ግን የሁለቱ ድምር ከሦስተኛው መብለጥ አለበት፤ 2፣ 3 እና 6 ቢሆኑ ጫፎቹ አይገናኙም።

ግንበኛ የቤት ጥግ ሲያወጣ በአንደኛው ሲባጎ ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ምልክት ያደርግና በምልክቶቹ መካከል ልክ 5 ሜትር እስኪመጣ አንዱን ሲባጎ ያንቀሳቅሳል። 5 ሲመጣ ጥጉ 90° ነው። ብዙ ሰው ይህን «ፓይታጎረስ» ብሎ ያልፈዋል፤ በትክክል ከተነገረ ግን የፓይታጎረስ ግልባጭ ነው። ፓይታጎረስ የሚለው 90° ካለ የሁለቱ አጭር ጎኖች ካሬ፣ 9 እና 16፣ ተደምረው የረጅሙን ጎን ካሬ 25ን ይሰጣሉ ነው። ግንበኛው የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፦ 25 ከመጣ 90° አለ ወይ? ማረጋገጫው እንዲህ ይሄዳል። ሌላ ቦታ ላይ ሆን ብለን በ90° የተሠራ፣ ጎኖቹ 3 እና 4 የሆኑ ጎነ ሦስት እናስብ። በፓይታጎረስ ሦስተኛ ጎኑ 5 ነው። የግንበኛውም 3፣ 4 እና 5 ነው። በጎጎጎ ሁለቱ ተገጣጣሚ ናቸው፤ ስለዚህ የግንበኛውም ማዕዘን 90° ነው። የጎጎጎ ጉልበት እዚህ ላይ ይታያል፤ ማዕዘን ሳንለካ ስለ ማዕዘን አስተማረን።

ጎማጎን ኩሬው ላይ አይተነዋል። ሁለት ጎንና በመካከላቸው ያለ ማዕዘን ከታወቀ ክፍተቱን የሚዘጋው መስመር አንድ ነው። ማጎማም እንደዚያው ነው፦ አንድ ጎን ይኑር፣ ከሁለቱ ጫፎቹ የሚነሱት መስመሮች አቅጣጫ ይታወቅ፤ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። የጎነ ሦስት ማዕዘኖች ድምር 180° ስለሆነ ሁለቱን ያወቀ ሦስተኛውንም አወቀ፤ በዚህ ምክንያት ማማጎ፣ ማለትም ሁለት ማዕዘንና በመካከላቸው ያልሆነ ጎን፣ ያለ ብዙ ድካም ከማጎማ ይወጣል።

ወጥመዱ ያለው ጎጎማ ላይ ነው። ሁለት ጎን ተሰጥቷል፣ ማዕዘኑ ግን በመካከላቸው አይደለም። ሀ ላይ የ30° ማዕዘን አለ፣ ሀለ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ለመ ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የኮምፓሱን እሾህ ለ ላይ ተክለን በ6 ሴንቲ ሜትር ቅስት ስንስል ቅስቱ ከሀ የሚነሳውን መስመር ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል፤ አንዱ ከሀ 5.3 ገደማ፣ ሌላው 12 ገደማ ሴንቲ ሜትር ላይ። ሁለት ጎነ ሦስት፣ አንድ መረጃ። አጭሩ ጎን 6 ሳይሆን 5 ቢሆን ቅስቱ መስመሩን ነክቶ ብቻ ያልፋል፤ አንድ ጎነ ሦስት፣ እሱም የ90° ማዕዘን ያለው። 4 ቢሆን ጭራሽ አይደርስም። 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ እንደገና አንድ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጎጎማ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ አንዳንዴ የሚሠራ መመዘኛ ደግሞ መመዘኛ አይደለም። የተሰጠው ማዕዘን 90° ሲሆን ግን ሁልጊዜ ይሠራል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ረጅሙ ጎንና አንዱ አጭር ጎን ከታወቁ ሌላውን ፓይታጎረስ ያወጣዋል፣ ነገሩም ወደ ጎጎጎ ይመለሳል።

ማረጋገጫ ሲጻፍ

የማረጋገጫ አጻጻፍ ልማዱ ቀላል ነው፤ የተሰጠው፣ የሚረጋገጠው፣ ከዚያም እያንዳንዱ እርምጃ ከነምክንያቱ። ከባዱ ነገር ዓይንን መግታት ነው። ሥዕሉ ላይ እኩል «የሚመስል» ነገር ምክንያት አይሆንም፤ ተማሪው «ይታያላ!» ሲል መምህሩ «ማን ሰጠህ?» ይላል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ በመምህሩ አሸናፊነት ያልቃል፣ ደግሞም መምህሩ ልክ ነው።

ዕድሜ ጠገቡን ምሳሌ እንውሰድ። በጎነ ሦስት ሀለመ ውስጥ ሀለ = ሀመ ነው። ለ እና መ ላይ ያሉት ማዕዘኖች እኩል መሆናቸው ይረጋገጥ። ግሪካዊው የጂኦሜትሪ ሊቅ ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 አካባቢ በእስክንድርያ ባዘጋጀው ሥራው የመጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይህን 5ኛ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ማረጋገጫው ጎኖቹን ወደ ታች አስረዝሞ ተጨማሪ ጎነ ሦስቶችን እየፈጠረ የሚሄድ ረዥም ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ይህ ቦታ «የአህያ ድልድይ» የሚል ስም ወጣለት፤ ደካማው ተማሪ እዚህ ላይ ይቆማል ለማለት። ዛሬ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ከሀ ማዕዘኑን እኩል የሚከፍል መስመር ጥሎ ግራና ቀኙን በጎማጎ ማስገጠም ነው።

ከሁለቱም የሚያምረው ግን የጳጶስ ነው። ይህ የእስክንድርያ ሰው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ያቀረበው ማረጋገጫ አንዲት መስመር እንኳ አይጨምርም። ጎነ ሦስቱን ከራሱ ጋር ያመሳክረዋል፦ △ሀለመን ከ△ሀመለ ጋር። ሀለ ከሀመ እኩል ነው፤ ሀመም ከሀለ እኩል ነው፤ ሀ ላይ ያለው ማዕዘን ራሱ ነው። በጎማጎ ሁለቱ ተገጣጣሚ ናቸው፤ ስለዚህ ለ ላይ ያለው ማዕዘን መ ላይ ካለው ጋር እኩል ነው። አለቀ። ሰው መስታወት ፊት ቆሞ ግራ እጁ ከቀኝ እጁ ጋር እኩል መሆኑን እንደማየት ነው። የፊደላት ቅደም ተከተል ጌጥ አይደለም ያልነውም እዚህ ላይ ሥራውን ይሠራል፤ ቅደም ተከተሉን የናቀ ሰው ይህን ማረጋገጫ ማንበብ እንኳ አይችልም።

ከማስገጠሙ በኋላ ዘወትር የምትመጣው ዓረፍተ ነገር «የተገጣጣሚ ጎነ ሦስቶች ተጓዳኝ ክፍሎች እኩል ናቸው» የምትለዋ ናት። መንገዱ ሁሉ ወደ እሷ ነው። በሦስት መረጃ ገብተን የቀሩትን ሦስቱን በነጻ ይዘን እንወጣለን። አንዳንድ ተማሪ ግን ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ማዕዘኖቹ እኩል ናቸው ብሎ ተቀብሎ ጎነ ሦስቶቹን ያስገጥምና በዚያ ማዕዘኖቹ እኩል መሆናቸውን «ያረጋግጣል»።

የኤውክሊድ ስንጥቅ

ኤውክሊድ ጎማጎን ያረጋገጠው በዚያው መጽሐፍ 4ኛ ቁጥር ላይ ነው፤ ጎጎጎ 8ኛ፣ ማጎማና ማማጎ አንድ ላይ 26ኛ ሆነው ይመጣሉ። 4ኛዋ ላይ ያደረገው ግን አንዱን ጎነ ሦስት አንስቶ ሌላው ላይ ማስቀመጥ ነው። ለዓይን ያጠግባል። ችግሩ ቅርጽ ሲንቀሳቀስ አይለጠጥም፣ አይኮማተርም የሚል ሕግ ቀድሞ አለማስቀመጡ ነው። ራሱም ዘዴውን የወደደው አይመስልም፤ ከጥቂት ቦታ በቀር አይጠቀምበትም።

ጀርመናዊው ዳቪድ ሂልበርት በ1899 (እ.ኤ.አ.) የጂኦሜትሪን መሠረት እንደ አዲስ ሲጥል ስንጥቁን በግልጽ ደፈነው፦ ጎማጎን ያለ ማረጋገጫ የሚወሰድ መነሻ አደረገው። በቁጠባም ነው ያደረገው። መነሻው የሚለው ሁለት ጎንና በመካከላቸው ያለው ማዕዘን እኩል ከሆኑ የቀሩት ሁለት ማዕዘኖች እኩል ናቸው ብቻ ነው፤ የሦስተኛውን ጎን እኩልነት ከዚያ አረጋግጦ አወጣው። አሜሪካዊው ጆርጅ ቢርክሆፍ በ1932 በሌላ በኩል መጣ፤ ማስመሪያንና ፕሮትራክተርን ከመጀመሪያው ተቀብሎ የምስስልነትን ጎማጎ መነሻ አደረገ፣ ተገጣጣሚነትም ማባዣው 1 ሲሆን ከዚያ የሚወጣ ሆነ።

ጎማጎ በራሱ የሚገለጥ እውነት አይደለም ለማለት አንድ ምሳሌ ይበቃል። መንገዶቿ ሁሉ ከሰሜን ደቡብ ወይም ከምሥራቅ ምዕራብ ብቻ የተዘረጉ ከተማ እናስብ (አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ በርትቶ ማሰብ አለበት)። ርቀት ማለት ታክሲ የሚሄደው መንገድ ነው። ከአንድ መስቀለኛ ተነስቶ 2 ብሎክ ወደ ምሥራቅ ያለ ቤትና 2 ብሎክ ወደ ሰሜን ያለ ቤት፤ በመካከላቸው 90° አለ፣ አንዱ ከሌላው በታክሲ 4 ብሎክ ይርቃል። አሁን ከዚያው መስቀለኛ 1 ምሥራቅና 1 ሰሜን ያለ ቤት፣ እንዲሁም 1 ምሥራቅና 1 ደቡብ ያለ ቤት እንውሰድ። ሁለቱም ከመስቀለኛው 2 ብሎክ ይርቃሉ፣ በመካከላቸውም 90° አለ። እርስ በርሳቸው ግን 2 ብሎክ ብቻ ይራራቃሉ። ጎን 2፣ ማዕዘን 90°፣ ጎን 2፤ ሦስተኛው ጎን በአንደኛው 4፣ በሌላው 2። ጎማጎ እዚያች ከተማ ውስጥ አይሠራም።

መጠን ሲለቀቅ

ወደ ኩሬው እንመለስና ሜዳው ጠባብ ሆነ እንበል፤ ከችካሉ ወዲያ 40 ሜትር የሚሄድ ቦታ የለም። ሰውዬው 20 እና 15 ሜትር ብቻ ይሂድ። በምልክቶቹ መካከል 27 ሜትር ያገኛል፤ በ2 አባዝቶ 54 ይላል። ጎኖቹ በአንድ ቁጥር ተባዝተዋል፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን እኩል ነው፤ ይህ የምስስልነት ጎማጎ ነው። ሦስቱም ጎኖች በአንድ ቁጥር ከተባዙ የምስስልነት ጎጎጎ ይሆናል። ከሁሉ ቀላሉና ብዙ የሚሠራበት ግን ማማ ነው፦ ሁለት ማዕዘን ብቻ። ጎን የሚባል መረጃ አያስፈልግም።

የጎጎጎን ምስስልነት ሲመረምሩ ጎኖቹን በመጠን ደርድሮ ማነጻጸር ብዙ ስህተት ይከላከላል። ጎኖቹ 6፣ 9፣ 12 የሆነና 8፣ 4፣ 6 የሆነ ሁለት ጎነ ሦስት ሲሰጥ በተጻፉበት ተራ ያካፈለ ሰው «አይመሳሰሉም» ይላል። 4፣ 6፣ 8 ብሎ ከደረደረ ግን ሁሉም በ1.5 ሲባዛ 6፣ 9፣ 12 ይሆናል።

እዚህ ላይ ተማሪ የሚገረምበትን አንድ ጥንድ ላሳይ። ጎኖቹ 8፣ 12፣ 18 የሆነ ጎነ ሦስትና ጎኖቹ 12፣ 18፣ 27 የሆነ ጎነ ሦስት። እያንዳንዱ ጎን በ1.5 ስለተባዛ ምስስል ናቸው፤ ስለዚህ ሦስቱም ማዕዘኖች እኩል ናቸው። በተጨማሪም ሁለቱም 12 እና 18 የሚሆን ጎን አላቸው። ከ6ቱ ክፍሎች 5ቱ እኩል፣ ሆኖም ተገጣጣሚ አይደሉም! ሦስት መረጃ ከበቃ አምስት እንዴት አይበቃም? ምክንያቱ እኩል የሆኑት ጎኖች ተጓዳኝ ቦታ ላይ አለመቀመጣቸው ነው፤ 12 በአንደኛው መካከለኛው ጎን ነው፣ በሌላው አጭሩ። ጎማጎ፣ ማጎማ ስንል የፊደሎቹ ተራ የሚነግረን የቦታን ነገር ነው፤ ቦታ ከተረሳ ቁጥር ብቻውን አያድንም።

ስፋት ላይ ማባዣው በራሱ ይባዛል። ጎን በ3 ካደገ ስፋት በ9 ያድጋል። በ1:50,000 በተሠራ ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው፤ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ግን 250,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 25 ሄክታር ነው።

ምስስልነት ካፈራቸው ሁሉ ትልቁ ራሱ ፓይታጎረስ ነው። መ ላይ 90° ያለው ጎነ ሦስት ሀለመ ይኑር። ከመ ወደ ረጅሙ ጎን ሀለ በ90° የሚወርድ መስመር ጥለን የሚያርፍበትን ደ እንበለው። ሦስት ጎነ ሦስት ሆኑ፤ ትልቁና ሁለቱ ትንንሾች። እያንዳንዱ ትንሽ ከትልቁ ጋር አንድ ማዕዘን ይጋራል፣ ሁለቱም 90° አላቸው፤ በማማ ሁሉም ምስስል ናቸው። ከዚህ የለመ ካሬ ከሀለ × ለደ እኩል ይሆናል፤ የሀመ ካሬ ደግሞ ከሀለ × ሀደ። ሁለቱን ስንደምር ሀለ × (ለደ + ሀደ) ይመጣል፤ ቅንፉ ውስጥ ያለው ራሱ ሀለ ነው። ስለዚህ ድምሩ የሀለ ካሬ ነው።

ጥላ፣ እግርና ደሴት

ዛፍ ሳይወጡ ቁመቱን ማወቅ የማማ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ፀሐይ በጣም ሩቅ ስለሆነች ጨረሮቿን ትይዩ ብለን እንወስዳለን፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ የቆመ ሁሉ ከጥላው ጋር ምስስል ጎነ ሦስት ይሠራል። 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ጥላው 2.55 ከሆነ ጥላ የቁመት 1.5 እጥፍ ነው፤ ጥላው 18 ሜትር የሆነ ባሕር ዛፍ 12 ሜትር ነው። ይህን በእኛ አገር እኩለ ቀን ላይ መሞከር አያዋጣም፤ ፀሐይ ከራስ በላይ ትጠጋና ጥላው እግር ሥር ይገባል። የሚሊጢኑ ታሌስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅን ፒራሚድ በጥላ ለካ ይባላል። ከጥንት ጸሐፊዎች ዲዮጋን ላኤርትዮስ የሰው ጥላ ከቁመቱ እኩል የሚሆንበትን ሰዓት ጠብቆ ነው ሲል፣ ፕሉታርክ ዱላ ተክሎ ጥላዎቹን አነጻጽሮ ነው ይላል። ሁለተኛው ዘዴ ሰዓት አያስጠብቅም።

በኢትዮጵያ የባሕረ ሐሳብ ብራናዎች ውስጥ የቀኑን ሰዓት በጥላ ርዝመት የሚናገሩ ሠንጠረዦች አሉ፤ መለኪያው የሰው እግር ነው። ሰውዬው የራሱን ጥላ በራሱ ጫማ ይለካል። እግር ከሰው ሰው ይለያያል ብሎ የሚስቅ ሰው ምስስልነትን አላስተዋለም። ረጅም ሰው ረጅም ጥላ አለው፣ እግሩም ይረዝማል፤ አጭሩም እንዲሁ። የእግርና የቁመት ምጥጥን ከሰው ሰው እምብዛም ስለማይርቅ ቁጥሩ ለሁለቱም አንድ ገደማ ይመጣል። ሜትር ባልነበረበት ከዚህ የተሻለ መለኪያ አይገኝም።

ቻይናዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዩ ሁይ በ263 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው የባሕር ደሴት ስሌትም እዚህ የሚነሳ ነው። ደሴቱ ላይ መድረስ አይቻልም፤ ስለዚህ ጥላ የለም፣ ርቀቱም አይታወቅም። ሁለት ያልታወቁ ነገሮችን ለማውጣት ሁለት ምሰሶ ተከለ። ምሰሶዎቹ 5 ቡ (ቡ የጥንት ቻይናውያን የርዝመት መለኪያ ነው) ቁመት አላቸው፣ በመካከላቸው 1,000 ቡ አለ። ዓይንን መሬት ላይ አድርጎ የምሰሶው ጫፍና የደሴቱ ጫፍ በአንድ መስመር እስኪውሉ ከመጀመሪያው ምሰሶ 123፣ ከሁለተኛው 127 ቡ ወደ ኋላ ይኬዳል። የሁለቱ ልዩነት 4 ነው። 5 × 1,000 ለ4 ሲካፈል 1,250፤ የምሰሶው 5 ሲታከል የደሴቱ ቁመት 1,255 ቡ ነው። ርቀቱ ደግሞ 123 × 1,000 ለ4 ተካፍሎ 30,750 ቡ። በሁለት ጥንድ ምስስል ጎነ ሦስት፣ ባሕር ሳይሻገሩ።

ከተራራ ተራራ

ፕሮክሎስ የተባለው የ5ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ፣ ከእሱ ብዙ የሚቀድመውን ጸሐፊ ኤውዴሞስን ጠቅሶ፣ ማጎማን ለታሌስ ይሰጠዋል፤ ባሕር ላይ ያለ መርከብ ርቀት ለማውጣት የግድ ያስፈልገው ነበር ይላል። አንድ ጎን ባሕር ዳር ላይ ትለካለህ፣ ከሁለቱ ጫፍ ወደ መርከቡ ያለውን ማዕዘን ታያለህ፤ ጎነ ሦስቱ ተወሰነ። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ አገሮች ካርታቸውን ያነሱበት ዘዴም ይኸው ነው። አንድ መነሻ መስመር በጥንቃቄ ይለካል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ማዕዘን ነው። የአንዱ ጎነ ሦስት ጎን ለሚቀጥለው መነሻ እየሆነ ሰንሰለቱ ከተራራ ተራራ ይዘልቃል። በአየርላንድ የተወለደው ፈረንሳዊ አንቷን ዳባዲ ከ1838 እስከ 1848 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ቴዎዶላይት (ማዕዘን መለኪያ መሣሪያ) ይዞ የሰሜን ኢትዮጵያን ተራሮች በዚህ መንገድ አያይዞ ካርታ አንስቷል፤ ስሌቱ ከ1860 እስከ 1873 ታትሞ ወጣ።

በእንዲህ ዓይነት ትልልቅ ጎነ ሦስቶች ላይ አንድ ነገር ብቅ ይላል። እስካሁን የተባለው ሁሉ ለጠፍጣፋ ገጽ ነው። በ1663 እንግሊዛዊው ጆን ዋሊስ መጠናቸው የተለያየ ምስስል ጎነ ሦስቶች አሉ ማለት የኤውክሊድን የትይዩ መስመሮች መነሻ (ከመስመር ውጪ ባለ ነጥብ የሚያልፍ ትይዩ መስመር አንድ ብቻ ነው የሚለውን) ከመቀበል ጋር አንድ መሆኑን አሳየ። በሌላ አነጋገር ምስስልነት የጠፍጣፋ ገጽ ሀብት ነው። ኳስ ላይ ማማማ ራሱ የተገጣጣሚነት መመዘኛ ይሆናል፤ ማዕዘኖቹ ከታወቁ መጠኑም ታወቀ፣ አሳድጎ ወይም አሳንሶ መሣል የለም። ከሰሜን ዋልታ ሁለት መስመር በ90° ተለያይተው እስከ ምድር ወገብ ቢወርዱ ሦስት 90° ያለው ጎነ ሦስት ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ጎን 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚህ ያነሰ ወይም የበለጠ ሊሆን አይችልም።

ኳሱ ትልቅ ሲሆን ልዩነቱ ይደበቃል። ምድር ላይ የጎነ ሦስት ማዕዘኖች ድምር ከ180° የሚበልጠው በእያንዳንዱ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በአንድ ሰከንድ ነው፤ ሰከንድ ማለት እዚህ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። የኩሬው ሰውዬ ይህን አያገኘውም። ጎኖቹ 30 ኪሎ ሜትር የሆኑ ጎነ ሦስት የያዘ ቀያሽ ግን 390 ካሬ ኪሎ ሜትር አጥሯል፤ ሦስቱን ማዕዘን ደምሮ 180 ዲግሪ ከ2 ሰከንድ ሲያገኝ መሣሪያውን አይወቅስም፣ ሁለቷን ሰከንድ ለሦስቱ ማዕዘኖች አካፍሎ ይቀንስና እንደ ጠፍጣፋ ጎነ ሦስት ማስላቱን ይቀጥላል።